በአፍ ያልገባ ውሃ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ አዳነ የመጨረሻ ልጁን ህሊናን ወደ ሐኪም ቤት ሲወስድ «አጎቴ፣ እርስዎም አብረውን ይምጡ» አለኝና ሄድሁ። ልጅቱ አንጀቷን ታማ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ጥቂት ጊዜ ሆኗታል። ሐኪሞቹ የአንጀቷን ጫፍ በሆዷ በግራ በኩል አውጥተው፣ ዓይነ ምድሯ ለጊዜው በዚያ እየወጣ በሚለጠፍ ከረጢት እንዲጠራቀም አድርገዋል። የዚያን ዕለት የቀጠሯት ከረጢቱን እንዴት እንደምትቀይር ሊያስተምሯት ነበር። ነርሷ ትዕግሥተኛ ናት። አንዱን አንሥታ፣ ሌላውን ለጥፋ፣ ቆዳው እንዴት እንደሚደርቅ አሳይታ ስትጨርስ «እንግዲህ ገላሽን ትታጠቢያለሽ፣ ሥራሽን ትሠሪያለሽ፣ ከፈለግሽም ትዋኛለሽ» አለቻት።

ህሊና ዓይኗን ከሆዷ ላይ አላነሣችም። አባቷ ግን «ውሃ በዚያ በኩል አይገባም?» ብሎ ጠየቀ።

ሳቄ መጣ። እንዲህ ባለ ቦታ መሳቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነርሷም በጎን አየችኝ። ነገር ግን ይህችን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማኋት የዛሬ ስልሳ ምናምን ዓመት ነው። ያኔ የተጠየቅሁት እኔ ነበርሁ፣ የጠየቁኝ ካህናት ነበሩ፣ ጥያቄው የመጣውም በዚሁ በአዳነ ምክንያት ነው። እሱ የአርባ ቀን ሕፃን ስለነበረ አያስታውሰውም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። መንደራችን ከጎንደር ሲመጡ ከመገጭ ወንዝ ማዶ ነበረች፤ አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቂት ጎጆዎች፣ ከዚያ ወዲያ የጤፍና የባቄላ ማሳ። አባቴ የዚያች ደብር ቄስ ነበር። እሱ ሲሞት ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ ናት፤ ያስተማሩኝ ደግሞ የደብሩ አለቃ የኔታ ናቸው። ድምፄ ሳይጎረንን ዲያቆን ሆንሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከመጽሐፉ ይልቅ የምወደው መገጭን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ተማሪዎች ልብስ ልናጥብ ስንወርድ፣ እንዶዱን ቀጥቅጠን ካጠብን በኋላ ልብሱን ድንጋይ ላይ እናሰጣለን፤ እስኪደርቅ ድረስ እኔ ከውሃው አልወጣም። ከንፈሬ ጠቁሮ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ ጓደኞቼ «ና ውጣ፣ ደርቋል» እያሉ ሲጣሩ የልብሱን መድረቅ የምጠላ ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ድብ ባሕር ላለ ዘመዳችን አጨዳ ላግዝ ሄጄ ሳለሁ ሆዴ ተነፋ። አይወጣም፣ አይገባም። ፌጦ አጠጡኝ፣ በቅቤ አሹኝ፣ ሆዴ ግን እንደ ከበሮ እየተወጠረ ሄደ። በመጨረሻ እህል በጫነ ማኪና ላይ፣ በጆንያና በጆንያ መካከል አስተኝተው ጎንደር አደረሱኝ። መንገዱን አላስታውስም፤ የጤፍ አቧራ ሽታና የሾፌሩ ፉጨት ብቻ ትዝ ይለኛል። አንጀቴ ተጠማዞ ኖሯል። የተበላሸውን ቆርጠው ጣሉትና የቀረውን ጫፍ በግራ ጎኔ አወጡት።

ሕሊናዬን ስቼ ቆይቼ ስነቃ ከፋሻው ሥር ያየሁት ነገር ቀይና እርጥብ ነበር፤ የጥጃ ምላስ ጫፍ ይመስላል። አለቀስሁ። የሞትሁ መሰለኝ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚተረጉምለት ቁስል አሻጊው ድሬሰር የኛው አገር ሰው። ቁስሉ ከጠገገና ጊዜ ካለፈ በኋላ አንጀቴን መልሰው እንደሚቀጥሉት ነገሩኝ። ምን መጠየቅ ትፈልጋለህ ሲሉኝ ከአፌ የወጣው «መዋኘት እችላለሁ?» የሚል ነበር። ሐኪሙ ሳቀና አንድ ነገር ተናገረ። ድሬሰሩ «ይችላል ይላል፤ እኔ ግን አልመክርህም» ብሎ ተረጎመልኝ።

ለቅሶው ሲያልፍ መገረም ተተካ። ሰው የራሱን አንጀት በዓይኑ የሚያይበት ጊዜ ስንት አለ? ጎመን ስበላ ምን እንደሚሆን፣ ሽንኩርት ስበላ ምን እንደሚል፣ ባቄላ ሲሆንማ ጨርሶ እንደሚያሳፍረኝ ተማርሁ። ሐኪም ቤት ሳለሁ ቀይ ሥር የሚባል ነገር ከምሳዬ ጋር ሰጥተውኝ፣ በማግሥቱ ፋሻው ቀልቶ ሳይ ደሜ የፈሰሰ መስሎኝ ክፍሉን በጩኸት አቀወጥሁት። ቀይ ሥር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ዛሬም ሳየው ያስቀኛል።

ያኔ የሚለጠፍ ከረጢት የለም። የተሰጠኝ ፋሻና ጥጥ ነበር፤ ስራመድ ይላላል፣ ስቀመጥ ይንሸራተታል። ከተማ የምትኖረው አክስቴ ጎረቤቷ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነበርና ወስዳ አሳየችኝ። ሰውየው አላፈረም፣ እኔም አላፈርሁም። ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ፣ ዳርና ዳሩን በማስቲሽ አጣብቆ፣ በወገብ የሚታሰር ከረጢት ሠራልኝ። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ቀዳዳ እንዳለው ሊያይ ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ግባ አለኝ። ገባሁ። ወዲያው በጎኔ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። «አንተ፣ ተበስተሃል» ብሎ ሳቀ። ማሰሪያውን አጠበቀው፣ እንደገና ገባሁ፣ እንደገና ቡልቅ አለ። የሱ ሥራ ጥፋት አልነበረም፤ የሚወጣው የኔው የሆድ ነፋስ ነው።

መንደሬ ስመለስ ቅዳሴው ቀረብኝ። ማንም አልከለከለኝም፤ እኔው ራሴ ከደጀ ሰላሙ አላልፍም አልሁ። ደም ወይም መግል የሚፈሰው ሰው ወደ መቅደስ አይገባም፤ ይህን ስማር ያደግሁት ነው። የኔታ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚተውት ነገር የለም። ፊደል ያስቆጠሩኝ ሽማግሌ በየጧቱ ከዛፍ ሥር አጠገቤ ይቀመጡና ይጠይቁኛል። ስታስነጥስ ምን ይሆናል? ያምሃል? ስትጾም ያርፋል? የዛሬ ምስር በማግሥቱ ስንት ሰዓት ላይ ደረሰ? ጎንደር በሄዱ ቁጥር ደግሞ ለሊቃውንቱ ያቀርቡታል፤ አንዱ ይፈቅዳል፣ አንዱ ይከለክላል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን «ቁስል አይደለም» አሉኝ። «አይደማም፣ አይመግልም። ቤት በምሥራቅ የነበረውን በሩን በሰሜን ቢያወጣ ቤትነቱ አይቀርም። በሩ ዞረ እንጂ ሌላ ምን ሆንህ? ስትጠራ ትገባለህ።»

የተጠራሁት መስከረም ላይ ነው። እህቴ ጥሩነሽ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ከዚያ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱ ክርስትና ሳይነሡ ሞተውባታል፤ የዚህኛው አርባ ቀን እሁድ ይውላል። ሕፃኑ ግን ከሰሞኑ ጡት መሳብ አቁሞ እየቀለለ ሄዷል። ባሏ አያ ሙጬ እሁድ እስኪደርስ ድረስ ከደጅ አልራቀም። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ይቆርባልና ቅዳሴ መኖር አለበት፤ ቅዳሴ ደግሞ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን፣ አምስት ሰው ካልሞላ ይታጎላል። የደብሩ ሦስተኛ ዲያቆን በወባ ተኝቷል። እኔ በዚያ ሰዓት ፋሻ ልወስድ ጎንደር ወርጄ አክስቴ ቤት ነኝ። ቅዳሜ ገበያ የመጣ ሰው የኔታን ቃል አደረሰኝ፤ ጾመህ፣ ታጥበህ፣ ለቅዳሴ ድረስ የሚል።

ከቅዳሜ ምሳ በኋላ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ አደርሁ። ሊነጋጋ ሲል ተነሥቼ፣ አደይ አበባ በፈነዳበት ሜዳ፣ ጤዛው እስከ ጉልበቴ እያረጠበኝ ወደ መገጭ ወረድሁ። ገና ከሩቅ ድምፁ ደረሰኝ። ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ሞልቷል፤ የምንረግጣቸው ድንጋዮች አንዳቸውም አይታዩም። ከማዶ አያ ሙጬ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። ሲያየኝ እጁን አነሣ፤ ከዚያ ውሃውን አየና እጁን መልሶ አወረደ። ድልድዩ ያለው ታች መንገዱ ላይ ነው፤ በዚያ ብዞር ቅዳሴው ካለፈ በኋላ ነው የምደርሰው። ሁለተኛው ደወል ሲደወል ሰማሁ።

ልብሴን ጠቅልዬ በነጠላዬ ከራሴ ላይ አሰርሁ፣ የጎማውን ከረጢት ማሰሪያ አጠበቅሁ፣ ከወትሮው መሻገሪያ ከፍ ብሎ ውሃው ሰፋና ለዘብ ከሚልበት ገባሁ። መዋኘቱን እችልበታለሁ፤ የፈራሁት ሌላ ነው። አንዲት ጉንጭ ውሃ ብውጥ ጾሜ ተገደፈ፣ ቅዳሴውም ቀረ። ስለዚህ ከንፈሬን ነክሼ በአፍንጫዬ ብቻ እየተነፈስሁ ዋኘሁ። በኃይል የሚዋኝ ሰው በአፉ ነው የሚተነፍሰው፤ ሞክራችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ወደ ማዶው ስጠጋ አንድ ቅርንጫፍ ጎኔን ገጨኝ፣ ከወገቤ አንድ ነገር ሲላላ ተሰማኝ። አያ ሙጬ ዱላውን ዘርግቶ ጎትቶ ሲያወጣኝ የጎሚስታው ከረጢት ከነማሰሪያው ወደ ጣና መንገድ ጀምሯል።

«ተረፍህ» አለ አያ ሙጬ። «ና በል፣ ሁሉም አንተን ነው የሚጠብቅ።»

ጎኔን በነጠላዬ ይዤ ደጀ ሰላሙ ጋ ደረስን። የኔታና ሁለተኛው ቄስ፣ ቄስ ወርቁ፣ ወጥተው ቆመዋል። ጥሩነሽ ሕፃኑን ታቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የሕፃኑ ድምፅ አይሰማም፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ አስፈራኝ። የኔታ የሚንጠባጠበውን ጠጉሬን አይተው ቶሎ ገባቸው።

«ውሃ ቀመስህ?»

«አልቀመስሁም የኔታ። አፌን አልከፈትሁም።»

«በአፍንጫህስ?»

«አልገባም።»

በዓይናቸው ጎኔን አመለከቱ። «በዚያኛውስ?»

ከረጢቱ እንደጠፋ ነገርኋቸው። አልገባም ብዬ ብገላገል ማን ያውቅ ነበር? ግን እኔም የምሬን አላውቅም፤ ውሃው እንደሆነ ከራሴ ጀምሮ አጥቦኛል። «አላውቅም የኔታ» አልሁ።

ቄስ ወርቁ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥርዓት ሲጣስ ግን እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ጾም ማለት ከሆድ ምንም እንዳይገባ ነው አሉ፤ የዚህ ልጅ ሆድ ደግሞ በጎን በኩል ክፍት ነው፤ በአፍ ገባ በጎን ገባ ምን ለየው? የኔታ ስለ ጆሮ አነሡ፤ ሰው ሲዋኝ ጆሮው ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ጾሙን ገደፈ ያለው የለም። ቄስ ወርቁ ግን ጆሮ ሆድ አይደለም፣ ይህ ራሱ ሆዱ ነው ብለው መለሱ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በደህና የመለሰላቸውን ሰው ይወዳሉ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ፊታቸው ላይ ደስታ ያየሁ መሰለኝ። ጥሩነሽ ግን አንዱ ሲናገር ወደ አንዱ፣ ሌላው ሲመልስ ወደ ሌላው እየዞረች ታያለች። ፊቷን ማየት አልቻልሁም። በኔ ጎን ምክንያት ሦስተኛ ልጇ ሳይነሣ ሊሞት ነው እያልሁ አስባለሁ።

«ምነው የኔታ» አለ አያ ሙጬ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልጁ እኮ እየደከመብን ነው።»

የኔታ ወደኔ ቀረቡ። «አሳየኝ» አሉ።

ነጠላዬን ገለጥሁ። የኔታ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉ። የጧቱ ብርድ ሲነካው ያ ቀይ ነገር ጭምድድ ብሎ ከንፈሩን ሰበሰበ። ቄስ ወርቁ ፊታቸውን አዙረው ነበር፤ ከዚያ ቀስ እያሉ እሳቸውም ቀረብ አሉና ጎንበስ አሉ። እንዲህ ሁለት ቄሶች ሆዴ ላይ አንገታቸውን ዘርግተው ሳለ፣ የጾመው አንጀቴ ሳያስፈቅደኝ ረዘም ያለ ድምፅ አሰማ።

መጀመሪያ የሳቀችው ጥሩነሽ ናት። ሕፃኑ ከታመመ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋም አብሮ ወረደ። አያ ሙጬ ወደ ዛፎቹ ዞረ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። የኔታ ግን አልሳቁም። ቀና ብለው ቄስ ወርቁን «ሰማህ?» አሉ። «ይህ በር የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ስንት ወር ጠየቅሁት፣ ያስወጣውን እንጂ ያስገባውን ነግሮኝ አያውቅም። ውሃ ልግባ ቢል እንዲህ ብሎ ይመልሰዋል።»

ቄስ ወርቁ ቀና አሉ። «ሌላ መምህር ዘንድ ቢሄዱ ሌላ ይልዎታል» አሉ በመጨረሻ።

«ይለኝ ይሆናል። ሌላው መምህር ግን ዛሬ እዚህ የለም። ሕፃኑ ነው ያለው።»

ቄስ ወርቁ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሡ፣ ነጩን ጥምጥማቸውን ከጫፉ ፈቱት፣ ተተርትሮ እስኪያልቅ ጠበቁና ለአያ ሙጬ ሰጡት። ፋሻዬ ወንዙ ውስጥ ርሶ ነበርና፣ አያ ሙጬ ከቋጠሮዬ ሳይርስ የተረፈውን ጥጥ ጎኔ ላይ አድርጎ በጥምጥሙ ወገቤን ዙሮ ዙሮ አሰረኝ። ቄስ ወርቁ የዚያን ዕለት በሻሽ ፋንታ ነጠላቸውን ጠምጥመው ቀደሱ።

እኔም ቀደስሁ። አንጀቴም አንድ ጊዜ ከተናገረ በኋላ ቅዳሴው እስኪፈጸም ድረስ ጸጥ አለ። ሕፃኑ ውሃው ሲፈስበት ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ፤ በውጭ የነበሩት ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቀስ በቀስ ጡት መሳብ ጀመረ፤ ለምን እንደዳነ እኔ አላውቅም፣ እናቱ ግን ታውቃለች። ጥምጥሙን በእንዶድ ደጋግሜ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ እያፈርሁ መለስሁላቸው። ሌላ ነገር ያደርጉታል ብዬ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ያንኑ ጠምጥመውት አየሁ።

በዓመቱ ሐኪሞቹ አንጀቴን መልሰው ቀጠሉት። የኔታ ትንሽ ያዘኑ መሰለኝ፤ የሚጠይቁት ነገር አለቀባቸው። ነገሩ ግን በየማኅበሩ እየተነሣ ለብዙ ዘመን ኖረ። ውሃው ገብቷል አልገባም፣ የኔታ ልክ ናቸው አይደሉም እየተባለ ጠላ ሲጠጣ አድሯል። ከጎንደር ድረስ የመጣ አንድ ተማሪም ሊጠይቀኝ ቤቴ ድረስ መጥቷል። እኔም ተመሳሳዩን መልስ እሰጥ ነበር፤ አላውቅም።

ይህን ሁሉ በዚያ በሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነገርኋቸው። ነርሷ ሌላ በሽተኛ እየጠበቃት ቆማ ሰማችኝ፤ ቅሬታዋም ጠፋ። አዳነ ከነዝርዝሩ ያልሰማው ነገር ነበርና እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ሸሚዜን ገለጥ አድርጌ ጠባሳዬን አሳየኋቸው። አዳነ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ልክ እንደ የኔታ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

ህሊና እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር። ጠባሳውን አይታ፣ የራሷን ከረጢት በልብሷ ላይ በእጇ ዳሰስ አድርጋ «አባባ» አለችኝ፣ «ውሃው ውስጥ ሳሉ እንዴት ነበር?»

ካህናቱ ጠይቀውኛል፣ ተማሪዎቹ ጠይቀውኛል፣ ያገባኋት ሴት ሳትቀር ውሃው ገብቶ እንደሆነ ጠይቃኛለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ለራሴ ተናግሬው አላውቅም። ትዝታው ግን እዚያው ነበር። ቀዝቃዛ ነበር አልኋት። ቆሻሻ ነበር፣ ቡናማ፣ ቅጠል የሚነዳ። መሃሉ ላይ ስደርስ ግን፣ ስንት ወር እንደ ተሰነጠቀ እንስራ እየተጠነቀቅሁ ስይዘው የኖርሁት ሰውነቴ፣ እጁም እግሩም ሆዱም፣ እንደ ድሮው አንድ ላይ ይሠራ ጀመር። ጎኔን ረሳሁት።

«ሙሉ ሰው ነበርሁ» አልኋት። «ውሃው ጎኔን ከሌላው ገላዬ አልለየውም።»

ህሊና ወደ ነርሷ ዞረችና ለመዋኘት ስንት ሳምንት መጠበቅ እንዳለባት ጠየቀቻት።